የክራንቻዋ ቦታ

ጥጡ ላይ ያረፈው ጥርስ ጫፉ ሹል ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ድሬሰር ሙህዲን ጉጠቱን አጥቦ እጁን ሲያደርቅ ነው። ያኔ ገና ወረቀቱን ስዘረጋው፣ ኩባዊው ሐኪም ሥለው የ«ኤክስ» ምልክት ያደረጉበት ጥርስ ግን ጫፉ ሁለት ጉብታ ነበረው።

ልጄ እህተማርያም ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የላይኛው ክራንቻዋ ቦታ አጥቶ ወደ ውጭ ስለወጣባት ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሐኪሙ ከክራንቻው ኋላ ያለውን ጤነኛ ጥርስ ነቅለው፣ ክራንቻውን በሽቦ ቀስ በቀስ ወደዚያ ቦታ እንደሚስቡት በነርስ ታቢታ አስተርጓሚነት ነገሩን። አላመንኩም። ጤነኛው ተነቅሎ ጠማማው ሲቀር የት ታይቶ ያውቃል? ታቢታ ገልብጣ የተረጎመችው መሰለኝ፤ ሥዕሉንም ሳላየው አጠፍኩት። ኋላ ኩባዎቹ ከአዋሳ ሊሄዱ ነው ተባለ። ጥርሱ ቀድሞ ከተነቀለ ሽቦው ቶሎ ይታሰርላታል ብዬ መናኸሪያ ሙህዲን ዘንድ ወሰድኳት። የትኛው እንደሆነ ሲጠይቀኝ ጠማማውን በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ አፏን ከፍተው ብዙ ቆዩ። የሚስቡት ጥርስ አልነበረም። ከሁሉ ሥረ ረጅሙ፣ እስከ እርጅና የሚያገለግላት እሱ እንደነበር ታቢታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሐኪሙ ማን እንደነቀለው ሲጠይቁ ልጄ እኔን አየችኝና አፏን በእጇ ሸፈነች። ሽቦውን ወደ ሣጥኑ መለሱት።

ባለቤቴ ባህሩ ከቀበሌ ስብሰባ የዚያን ዕለት የገባው በጣም መሽቶ ነው። ሐኪሙን ለማግኘት ሦስት ወር ደጅ የጠናው እሱ ነበር። ጥርስ መነቀሉን እንጂ የትኛው እንደተነቀለ አያውቅም። ገና ሳይቀመጥ ሽቦው መታሰሩን ጠየቀ። ቀኑን ሙሉ ያሰናዳሁት ቃል ነበረኝ። እህተማርያም ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፣ አባዬ። ፈራሁ።»

«ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ?» አለ። «ጎበዝ! ለጠየቀሽ ሁሉ ፈርቼ ነው በይው እንግዲህ።»

አንገቷን ደፋች። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ የነጠላዬን ጫፍ ጠቀለልኩ። ባህሩ ካፖርቱን እያወለቀ ሰዓት እላፊው መድረሱን፣ በሩን እንድዘጋ ነገረኝ።

ተነሣሁ። ልጄ ከኋላዬ ቀና ብላ እንደምታየኝ ይታወቀኛል። ሳልዞር ቆለፍኩት።