ሃምሳ መቀመጫ ለአንድ ጉባኤ

ጅጅጋ አየር ማረፊያ የቆመችው ትንሽ ጄት ሞተሯ ሳይነሳ፣ ገና አሁን የተሳፈሩት ሽማግሌዎች ከሆዷ ተግተልትለው ወረዱ። ኢልሃን በአብራሪው መስኮት አየቻቸው። ቀበቶ እንኳ አላሰሩም ነበር።

«ምን ሆኑ?» አለች።

ከጎኗ የተቀመጡት አቶ ዘነበ ሊፈትኗት ከአዲስ አበባ የመጡ የበረራ ተቆጣጣሪ ናቸው። «እኔን ትጠይቂኛለሽ? ዘመዶችሽ አይደሉም እንዴ!» አሏት።

ነገሩ ለኢልሃን የዋዛ አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እነዚህን ሰዎች ይዛ ድሬዳዋ ደርሳ ከተመለሰች ካፒቴን ትሆናለች፤ አዲሱ ድርጅት ፋፈን አየርም የሥራ ፈቃዱን ያገኛል። ቀጠሮው ተራዝሞ ተራዝሞ ዛሬ ላይ ደርሷልና፣ ዛሬ ካለፈ ጄቷ ወደ አከራዮቿ ትመለሳለች። አብረዋት የተማሩት ሁሉ፣ «ይህች ባለ ሃምሳ መቀመጫ ጄት ጊዜዋ አልፏል፤ ነዳጅ ትጠጣለች። ወይ ወደ ባለ ፕሮፔለሮቹ ወይ ወደ ትልልቆቹ ዙሪ» ብለው መክረዋት ነበር። አጎቷ ሐጂ ሮብሌ ግን የሀርሺንን የከብት ነጋዴዎች አሰባስበው ይህችኑ ጄት ሲከራዩ፣ ኢልሃን የራሷ አገር ሰማይ ካፒቴን መሆን አማራት። ከዚህች በቀር ሌላ ማብረር አልተማረችም።

ወርዳ ስትሄድ ሽማግሌዎቹ በክንፉ ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል።

«አዴር» አሏት ሐጂ ሮብሌ። በሶማሊ ወግ አጎትና የወንድም ልጅ የሚጠራሩት በዚሁ በአንድ ቃል ነው። «ይሄ ነገር ሰው የሚቀመጥበት አይደለም።»

«ወንበሩ ምን ሆነ፣ አዴር?»

«ወንበሩማ ለስላሳ ነው። ግን የሰው ማጅራት እያየሁ ነው ድሬዳዋ የምደርሰው? ሽማግሌ ሲሰበሰብ በክብ ነው፣ ፊት ለፊት። ለወንድሞቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ልጀምር?»

«የእስረኛ መኪና እንኳ ፊት ለፊት ያስቀምጣል!» አሉ ሌላው ሽማግሌ።

ወንበሮቹ ተነቅለው በክብ ይደርደሩ ተባለ። አቶ ዘነበ እየሮጡ መጡ። «ወንበር ከተነቀለ አትበርም!»

«ለምን? የምትበረው በወንበር ነው እንዴ?»

ለአቶ ዘነበ ሻይ ተሰጣቸው፤ እንደ እንግዳም ቦታ ተለቀቀላቸው። ብዙም ሳይቆዩ፣ ለማንም ጀርባ ላለመስጠት ወገባቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ ኢልሃን አየቻቸው። እሳቸውም ከእጇ ሊወጡ ነው።

«አዴር» አለች ቶሎ ብላ። «በክብ የምትቀመጡት ሰፍራችሁ ነው። ስትጓዙስ? ግመሎቹ ተጭነው ሲሄዱ በሰልፍ አይደለም?»

«በሰልፍ ነው።»

«አንዱ የአንዱን ጀርባ እያየ?»

«እንግዲህ በሌላ በምን ይሄዳል?»

«የፊተኛውን ግመል ገመድ የሚይዘውስ ማን ነው?»

«ሴት ናታ!» አሉ የሐጂ ሮብሌ ሚስት ደሃቦ፣ የሻይ ፔርሙዛቸውን ከፍ አድርገው። «ስንት ዘመን ገመድ ይዤ ከፊቱ ስሄድ ጀርባሽን ሰጠሽኝ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ነው ማጅራት የቀፈፈው?»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። መከሩና በአንድ ቃል ወሰኑ፤ ይህ ጉባኤ ሳይሆን ጉዞ ነው። ኢልሃን በልቧ አመሰገነች። ትንሽ ቸኮለች።

«እንግዲያው» አሉ ሐጂ ሮብሌ፣ «ጉዞ ከሆነ በጉዞ ሕግ ነው።»

በጉዞ ሕግ ቤት ተጥሎ አይኬድም። ደሃቦ ሄደው የጎጆውን ምሰሶ፣ ሰሌኑን፣ የወተት ዕቃውንና የፍየል ግልገሎቹን በአይሱዙ አስጭነው መጡ። አቶ ዘነበ፣ «ይሄ እንኳን አይሆንም» ብለው ጀመሩና የደሃቦን ፊት ሲያዩ ግልገሎቹን አንድ በአንድ አስመዘኑ። በጭነቱ ስሌት ላይም «በጭን የሚያዙ ሕፃናት» ብለው መዘገቧቸው።

ደግሞም በጉዞ ሕግ፣ ዝናብ የጣለበትን አይቶ የሚመጣ ሰው ሳይላክ ማንም ከሰፈሩ አይነቃነቅም። የሐጂ ሮብሌ ልጅ ጀዕፈር በላንድክሩዘር ወደ ድሬዳዋ ተላከ።

«ሐጂ፣ በመኪና ግማሽ ቀን ነው! እኛ ብንነሳ እኮ ሻዩ ሳይበርድ ደርሰናል!» አሉ አቶ ዘነበ።

«ቶሎ መድረስማ ምን ያደርጋል? የደረሱበት ደረቅ ከሆነ ቶሎ መራብ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በየመቀመጫቸው ሆነው ጠበቁ። የጎጆው ምሰሶ በመተላለፊያው ተጋድሟል። አሁን ስለ ማጅራት ያነሳ የለም። ጀዕፈር ሲደውል ሐጂ ሮብሌ ድምፁን ለሁሉም ለቀቁት።

«ዘንቧል!» ይላል ጀዕፈር። «እንዴት ያለ ዝናብ መሰላችሁ! ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነጎድጓዱ ጆሮ አያሰማም!»

ጄቷ በእልልታ ተናወጠች። «አንቀሳቅሺ አዴር! አንቀሳቅሺ!»

ኢልሃን እጇን ወደ ሞተሩ ማስነሻ ስትልክ የድሬዳዋ መቆጣጠሪያ ማማ በሬዲዮ ገባ። ነጎድጓዳማው ዝናብ ልክ ከማረፊያው በላይ ነው፤ መቼ እንደሚያልፍ አይታወቅም። ፀሐይ ደግሞ ወደ ካራማራ ተራራ እያዘቀዘቀች ነው።

ወደ አቶ ዘነበ ዞረች። እሳቸው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። «እኔን አትዪ። ዛሬ አዛዧ አንቺ ነሽ።»

ደመናው እስኪደርሱ ሊገፈፍ ይችላል። ላይገፈፍም ይችላል። ይገፈፋል ብለው የተነሱ አብራሪዎች ነበሩ። ቤት ሆነው በከንቱ የጠበቋቸውም ነበሩ። ኢልሃን እጇን መለሰችና የድምፅ ማጉያውን አነሳች።

«አዴር፣ አንሄድም።»

«ዝናብ ዘንቦ?»

«ዝናብ ስለዘነበ።»

ሰው ከብት ማርባት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። «ልጅቷን ምን ነካት?» አለ አንዱ። ሐጂ ሮብሌ ምሰሶውን እየተራመዱ የአብራሪዎቹ ክፍል በር ላይ ደረሱ።

«አያት ቅድመ አያቶችሽ ዝናብ ሲከተሉ ኖሩ። አንቺ ትሸሺዋለሽ?»

«እሸሸዋለሁ አዴር።»

«ድርጅቱ ይዘጋል።»

«አውቃለሁ።»

ሐጂ ሮብሌ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ገመድ የያዘችው ቆማለች። አውርዱ!»

ገመድ ያዧ በቆመችበት መስፈር ነውና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የደሃቦ ጎጆ ከአውሮፕላኗ ጎን ተተከለ። ግልገሎቹ የፊት ጎማዋ ላይ ታሰሩ። አቶ ዘነበ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጠው የኢልሃንን የካፒቴንነት ፈተና ፈረሙ፤ በዚያው ብዕር የድርጅቱን የፈቃድ ጥያቄ ሰረዙ።

«ሳልበር ነው ያለፍኩት?» አለች።

«ስንቱን ፈትኛለሁ፤ ሰው እያጨበጨበለት እምቢ ያለ ግን አላየሁም» አሉና የቀረበላቸውን የግመል ወተት ተቀበሉ።

አከራዮቹ ጄቷን ለመውሰድ ረዳት አብራሪ ላኩ። ካፒቴን አልነበራቸውም፤ የዚህችን ዓይነት የሚያበር ሰው እያለቀ ነበር። ስለዚህ ኢልሃን በካፒቴንነት መጀመሪያ ያበረረችው ይህንኑ ጉዞ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ሊሸኟት ወጡ። «ወዴት ነው የምትወስጃት?» አሉ ሐጂ ሮብሌ።

«በረሃ፣ አዴር። ባሕር ማዶ። እንደሷ ያሉ ሥራ የፈቱ አውሮፕላኖች ብዙ ቆመዋል።»

«ዝናብ አለ እዚያ?»

«የለም። ብረታቸው እንዳይዝግ ብለው ዝናብ የሌለበትን መርጠው ነው የሚያቆሟቸው።»

ሐጂ ሮብሌ እጃቸውን አገጫቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ከኋላቸው አንዱ ሽማግሌ የሞት ዜና እንደሰማ ሰው፣ «ኢና ሊላሂ» አሉ በዝግታ። ኢልሃን ደረጃውን ወጥታ በሩን ራሷ ዘጋች።