የግራሪት ድልድይ ሴቶች

በቢቸና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የከተማዋ ታሪክ ይተረካል። ፕሮግራሙን የጀመረችው ከደብረ ኤልያስ ተመድባ የመጣችው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሥርጉት ናት። መጀመሪያ ሰሞን የሚመጣው ዝናብ ለመጠለል የገባ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ዓመት ግን ወንበሩ አልበቃ ብሎ ሰው በር ላይ ይቆም ጀመር። ያን ጊዜ የተሰበሰበው ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ እንዲታተም ተወሰነና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ሆኑ።

ነገሩ የተነሣው ረቂቁ ለሕዝብ በተነበበ ዕለት ነው። መምህሩ "የግራሪት ድልድይ በ1968 ዓ.ም. በመንግሥት ተሠርቶ ተመረቀ" የሚለውን አንብበው ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ተነሡ። ወይዘሮ አምሳለች ይባላሉ፤ ገበያ ውስጥ ጌሾ ይሸጣሉ።

"መንግሥትማ መጥቶ መረቀው" አሉ። "ድንጋዩን የተሸከምነው ግን እኛ ነን። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን።"

አንዳንዱ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁና "ሰነድ ይኖራል ወይ፣ ወይዘሮ አምሳለች?" ብለው ጠየቁ።

"ሰነዱ ጀርባዬ ነው።"

"አላመንኩም አላልኩም። ግን በአንድ ሰው ቃል ብቻ መጽሐፍ ላይ አላሰፍርም። ዛሬ ለእርስዎ ብጽፍ ነገ ሌላው መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ያነጸው አያቴ ነው ይለኛል።"

ወይዘሮ አምሳለች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ሥርጉት ተከትላ በር ላይ ደረሰችባቸውና ወደ ጠረጴዛዋ መለሰቻቸው። ረቂቁ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

"ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" አለቻቸው።

ነገሯት። ባንቺዓለም የምትባል ጎረቤታቸው ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ የግራሪት ወንዝ ሞልቶ ነበር። ሰዎቹ ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ እዚያው ዳር ላይ ሞተች። ክረምቱ እንደወጣ ሴቶቹ ተማከሩ። በጋውን ሙሉ፣ የቤታቸውን ሥራ እየጨረሱ፣ ከዳገቱ ድንጋይ አመላለሱ። ደምለው የሚባል ግንበኛ ገነባው። የምረቃው ቀን እነሱ ከሕዝቡ ጋር ቆመው አጨበጨቡ።

"ከእነዚያ ሴቶች ዛሬ በሕይወት ያለ ይኖራል?"

"ጥሩአየሁ አለች ይባላል። ባል አግብታ ሞጣ ገብታለች። ከተያየን ሠላሳ ዓመት አልፎናል።"

ሥርጉት ማክሰኞ ዕለት ፈቃድ ጠይቃ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ስልክ ቁጥር የላት፣ ሰፈሩን አታውቅ። ደብረ ወርቅን አልፋ ሞጣ ስትገባ ያላት አንድ ስም ብቻ ነበር። ገበያው ውስጥ ጠየቀች፤ ሦስት ጥሩአየሁዎች አሉ ተባለች። የመጀመሪያዋ ቢቸናን ረግጠው አያውቁም። ሁለተኛዋ ሞተዋል። ፀሐይ ሲበርድ፣ እግሯ ተልጦ፣ የሦስተኛዋን በር አንኳኳች።

ወይዘሮ አምሳለች የነገሯትን ትንፍሽ አላለችም። ቃል ማቀበል እንዳይሆን ፈርታ "ስለ ግራሪት ድልድይ የሚያውቁትን ይንገሩኝ" ብላ ብቻ ሞባይሏን መቅጃ ላይ አደረገች።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ጀመሩ። ባንቺዓለምን አነሡ፤ ዳገቱን፣ ግንበኛውን ደምለውን፣ አሥራ ዘጠኙን። ቀጥለው ሥርጉት ያልሰማችውን አመጡ።

"የመጀመሪያው ሥራ ፈርሶብናል። ያን ጊዜ አምሳለች ትታን ሄደች። ከንቱ ድካም ነው ብላ ሁለት ሴቶች ይዛ ሄደች። ቤቷ ድረስ ሄጄ ብለምናት ሰድባ መለሰችኝ። በአሥረኛው ቀን ግን ከሁላችንም የሚበልጥ ድንጋይ ተሸክማ መጣች። አንድ ቃል አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅናትም።"

ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ የሚያስታውሱትን ስም ሁሉ አስመዘገቡ።

ሥርጉት መንገዱን ሁሉ ስታስብ ተመለሰች። ያቺን ክፍል ቆርጣ ማስቀረት ትችላለች። ግን መምህሩ ፊት የተቆረጠ ቃል ማቅረብ አልፈለገችም፤ አሮጊቷንም በሰው ፊት ማሳፈር አልፈለገችም። ሐሙስ ገበያ ሄዳ ጌሾው አጠገብ ተቀመጠችና የተቀዳውን አሰማቻቸው።

ወይዘሮ አምሳለች እስከ መጨረሻው ሰሙ። አንዲት ገዢ መጥታ ሰፍረው ሸኟት።

"መምህሩ ይሰሙታል?"

"እርስዎ ካልፈቀዱ አላሰማም።"

"ካልተሰማማ የሴቶቹ ሁሉ ድካም ውሸት ሊባል ነው" አሉ። "ትቼ ነበር። ተመልሻለሁም። ሁለቱንም ጻፉት" አሏት።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ የተቀዳውን ሁለት ጊዜ ሰሙት። "ሁለቱ ተመካክረው ቢሆን ትታን ሄደች የሚለው ነገር አይነሣም ነበር" አሉና በረቂቁ ላይ "በመንግሥት ተሠርቶ" የሚለውን መስመር በገዛ እጃቸው ሰረዙ። ምንይሉ የሚባለው የኮሚቴው ጸሐፊ ገጹ ስለሞላ ሁለት መስመር ይበቃል ሲል፣ መምህሩ አልተቀበሉም። "የራሴን መግቢያ አሳጥራለሁ። ሴቶቹ ሙሉ ገጽ ይሰጣቸው።" ሁለቱ አሮጊቶች ካስታወሱት አሥራ ሰባት ስም ተገኘ። ለቀሩት ሁለት ባዶ መስመር ተተወ።

መጽሐፉ በወጣ ቅዳሜ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከሞጣ መጡ። ወይዘሮ አምሳለች በሩ ላይ ተቀብለው ጉንጫቸውን ደጋግመው ሳሟቸው።

"ሰድቤሽ ነበር" አሏቸው።

"አዎ፣ ክፉኛ።"

"አፉ በዪኝ።"

"ድንጋዩን ይዘሽ የመጣሽ ቀን አፉ ብዬሻለሁ።"

ሥርጉት ስሞቹን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ስትጨርስ አንዲት ሴት ከበሩ አጠገብ እጇን አወጣች። አስናቀች የምትባል የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ናት።

"እናቴ ሥርጉት አበጀ፣ የአንቺ ሞክሼ፣ አልተጠራችም። እሷም ተሸክማለች።"

ሥርጉት ወደ ሁለቱ አሮጊቶች ዞረች። ተያዩ። "ቀይዋ ሥርጉት!" አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። "እንዴት ረሳናት?"

መጽሐፉ ሦስት መቶ ቅጂ ነበር። ሰው ከተበተነ በኋላ መምህሩና ሥርጉት ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ካርቶኑን ከፈቱና የአሥራ ስምንተኛዋን ስም በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመሩ።