ሰባት ቁጥር ያለበት መንጠቆ

መንጠቆው ግንበኞች ከፍታ ላይ ሲሠሩ ቀበቷቸውን ከገመድ የሚያያይዙበት ብረት ነው። የፋብሪካው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በአንድ ዙር ከሚመረተው ሺህ ሁለት መቶ መንጠቆ ሰማንያው ተነስቶ በማሽን ይሳባል። እስከ ሁለት ቢሰበር ሁሉም ያልፋል፤ ሦስት ከተሰበረ ሁሉም ተመልሶ አንድ በአንድ ይፈተሻል።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ሦስተኛው ቀጭ አለ።

"አለቃዬ፣ ሦስት ተሰበረ። ይመለስ" አለች ፈታሿ።

አለቃው ደጅ የቆመውን የጭነት መኪና በመስኮት አየ። "ምነው ሴትዮ! ዕድልሽ ጠሞ ነው እንጂ ዕቃው ምን ሆነ? ሌላ ሰማንያ አውጪ።"

"ደንቡ እኮ…"

"ሥራሽን ጠልተሻል እንዴ?"

እንጀራ ነውና አወጣች። አሁን ሁለት ብቻ ተሰበረ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ በቀሩት ሁሉ ላይ የራሷን የፈታሽ መለያ፣ ሰባት ቁጥርን፣ አስመታች። ወይ ጉድ! እስቲ ከረፋድ እስከ ቀትር ብረቱ ምን በልቶ ጠነከረ? ዕጣው ተቀየረ እንጂ መንጠቆው ያው ነው። እሷም አሳምራ ታውቀዋለች።

እሁድ እናታቸው ቤት ታናሽ ወንድሟ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ግንበኛ ነው፤ አወጣጡን አይተው "ጦጣው" ይሉታል።

"እትዬ፣ አዲስ መንጠቆ መጣልን! ሣጥኑን ገልብጬ ሰባት ቁጥር ያለበትን ፈልጌ ያዝኩ። የእህቴን እጅ ትቼ የማንን ላምን?"

እናታቸው በኩራት ሳቁ።

"ቀይረው" አለችው ፈታሿ።

"ለምን?"

አፏ ላይ መጣ። እናቷን ቀና ብላ አየችና ዋጠችው። "እንዲሁ ነው። አሮጌው ይሻልሃል።"

"የገዛ ሥራሽን ትፈሪያለሽ? ሂጂ ወዲያ!" ብሎ ፀጉሯን አመሰቃቀለባት።

ማክሰኞ የፈራችው ደረሰ። ጦጣው ከስድስተኛ ፎቅ ወደቀ፤ ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም።

ለቅሶው ላይ አንድ የሥራ ጓደኛው "መንጠቆው ተሰብሮ ነው አሉ" ብሎ አጠገቡ ለተቀመጠው ሹክ አለ። ሲያለቅሱ ድምፃቸው የተዘጋው እናት ይህን ሰምተው ቀና አሉ።

"ማነው እሱ? መንጠቆውንማ እንዳትነኩብኝ! ልጄ በእጇ ፈትሻ ያሳለፈችው ነው። እግሩን አዳልጦት ነው እንጂ!" ወደ ፈታሿ ዞሩ። "አይደል ልጄ?"

ሰው ሁሉ አያት። ያቺ ሦስተኛዋ መንጠቆ ጆሮዋ ውስጥ ቀጭ አለች።

"አዎ እማዬ" አለች። "አዳልጦት ነው።"