አልባኒያ ላይ ያለቁት ሦስት ቀናት

ሉባባ ስለ አልባኒያ ማውራት ከጀመረች የሚያስቆማት አልነበረም። ከጉዞዋ የገባችው ቅዳሜ ነው። እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ላስ ቬጋስ፣ ፓራዳይዝ ሰፈር ያለው አፓርታማዋ በሰው ሲሞላ፣ እንኳን ደህና ገባሽ ሊሏት የመጡ መስሏት ደስታዋን አልቻለችውም። የጠራቸው ባሏ አብዱልሀሚድ ነው። ሐጂ ዘከሪያ እንኳ፣ ጉልበታቸው አላስወጣ አላስወርድ ያላቸው ሽማግሌ፣ ደረጃውን እየተደገፉ ወጥተዋል። በአንድ ሆቴል አብራት ክፍል የምታጸዳው ጓደኛዋ ደመቀችም የእሑድ ሺፍቷን ትታ መጥታለች። በዚህ ከተማ ሺፍቱን ትቶ የሚመጣ ሰው ወይ ሠርግ አለበት ወይ ሞት። ሉባባ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ግን ደስ ብሏት ስለነበር አላስተዋለችም።

ደስታዋም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሆቴሉ የዓመት ፈቃድ የሚመረጠው በአገልግሎት ዘመን ተራ ነው። ቀድሞ የገባ ሰኔን ይወስዳል፣ አዲስ የገባ ማንም የማይፈልገው ጥር ይወድቅበታል። ሉባባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው አንሶላ ስትቀይር ኖራ ሰኔ የደረሳት ዘንድሮ ነው። አብዱልሀሚድ ደግሞ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ሾፌር ነው። አብሮት የሚሠራ አንድ አልባኒያዊ፣ «መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበት አገር ነው፣ አንተ ከምታወራልኝ ወሎ አይለይም» እያለ ልቡን ሰቅሎት ነበር። እናም ሄዱ። አስጎብኚ ካለው ቡድን ጋር ስምንት ቀን፣ ከተማውን፣ ተራራውን፣ ባሕሩን። አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ሌላ ሰው ባነጠፈላት አልጋ ተኛች።

«ይኸውላችሁ ቲራና» አለች ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ። «መስጊዱን እዩት፣ ግድግዳው ላይ ዛፍና ፏፏቴ ተስሎበታል። እንዲህ ያለ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሽኮድራን አሳየች፣ አሮጊቶች ሳይቀሩ ብስክሌት የሚነዱባትን ከተማ። ቴትን አሳየች፣ መኪናው ገደል ለገደል እየተጠማዘዘ የሚገባበትን ተራራ። «ጦሳን ሦስት ጊዜ ደራርባችሁ በረዶ ብታለብሱት እሱን አያህልም» አለች። የከተማቸው ተራራ ጦሳ ሲባል የደሴ ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። እዚያ ቤት ግን ፈገግ ያለ የለም። ደመቀች የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች ወለል ወለሉን ታያለች፣ ሐጂ የያዙት ሙስበሃ ከአንዷ ፍሬ ወደ ሌላዋ አላለፈም።

«ምነው ዝም አላችሁ? ቀናችሁ እንዴ?» ብላ ሳቀች። መስኮቶቿ ኮረብታው ላይ የተደራረቡባትን፣ በራት የተባለችውን ከተማ አሳለፈች፣ ጣሪያው ሁሉ ድንጋይ የሆነውን ጂሮካስተርን አሳለፈች። ከዚያ ባሕሩ መጣ። ሉባባ ጀልባ ላይ ተቀምጣ፣ ነፋሱ ሻሿን ወደ ኋላ ገፍቶት፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። በዕድሜዋ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ይህን ፎቶ ለልጇ ለሳፊያ ልካለች፣ ለደመቀች ልካለች፣ ላልላከችለት ሰው ደግሞ አሁን እያሳየችው ነው።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ዘከሪያ፣ «እስቲ እሱን ተዪውና አጠገቤ ተቀመጪ።»

ሉባባ አልተቀመጠችም። የተተወው ሺፍት፣ የሐጂ ጉልበት፣ ሻይ ስታቀርብ ሁሉም «ትንሽ ቆይቶ» ማለታቸው፣ አብዱልሀሚድ በሩ አጠገብ ቆሞ መቅረቱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባት።

«ማን ነው?» አለች።

«እናትሽ፣ እመት ዘይነባ፣ ወደ አኺራ ሄደዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የሁላችንም መንገድ ነው። ሶብር አድርጊ ልጄ።»

ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩት። እንደ ደንቡ ሉባባ ልትወድቅ፣ እነሱ ሊይዟት ነበር፤ ከሴቶቹ ሁለቱ እጃቸውን ዘርግተው ተጠግተዋል። እሷ ግን ስልኳን እንደያዘች ቆመች።

«መቼ?»

ይህ ጥያቄ አይወደድም። የተረዳ ሰው ያለቅሳል እንጂ ቀን አይጠይቅም፤ ቀኑ ከተነገረ ውሸቱ ስንት ቀን እንደዋለ ይታወቃላ።

«አላህ በጻፈው ቀን ነዋ» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ አላህ የጻፈውን አይደለም የጠየቅኩዎት። ቀኑን ነው።»

«ሰኞ» አለች ደመቀች፣ ቢጨንቃት። «ሰኞ ጠዋት። በተኙበት ነው ሉቢዬ፣ አልተሰቃዩም።»

የሚነገራት እሑድ ነው፣ ስድስት ቀን አልፏል። ሉባባ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ባሕሩ ሄደ፣ የድንጋዩ ከተማ ሄደ፣ መስኮቶቹ ሄዱ፣ ተራራው ላይ ሲደርስ አቆመችው።

«ሰኞ እዚህ ነበርን» አለች ለባሏ። «ኔትዎርክ የለም ተባለ። አንተ ብቻ ያረፍንበት ቤት ኩሽና ገብተህ ዋይፋይ አገኘህ። ስትወጣ ፊትህ ተለዋውጦ ነበር፣ ምነው ስልህ ተራራው ራሴን አዞረኝ አልከኝ። አድናን ነው የነገረህ?»

አድናን ደሴ ያለው ታናሽ ወንድሟ ነው።

«አድናን ነው» አለ አብዱልሀሚድ። «ሉባባ፣ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው ያለቀው። ብትበሪም አትደርሺም ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅሽው ፈቃድ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።»

ላንቺ ብዬ። ይህች ቃል ናት ያነደደቻት። መሞቷንማ ምን ታደርገዋለች፣ ሞት ለማንም አይቀር። ግን አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን፣ የወለደቻት ልጅ ብቻ ሳታውቅ ሳምንት! ደሴ አውቋል፣ ቬጋስ አውቋል፣ ሆቴሉ ውስጥ ልብስ አጣቢዎቹ ሳይቀሩ አውቀዋል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ፎቶዋን እያዩ «ማሻአላህ፣ አምሮብሻል» ብለው ጽፈውላታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«ማክሰኞ» አለች ወደሚቀጥለው ፎቶ አልፋ፣ «ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነበርን። በመስኮቱ በኩል አንቺ ተቀመጪ አልከኝ። በትዳራችን አንድ ቀን እንኳ መስኮት ለቀህልኝ አታውቅም። እኔ ጅሏ ባሌ ወደደኝ ብዬ ነበር።» ሌላ ፎቶ መጣ። «ረቡዕ፣ በራት ከተማ። መስጊድ ገብተህ አንድ ሰዓት ቆየህ። እኔ ውጪ ሁለት አይስክሬም ይዤ፣ ምን ዱዓ ነው የማያልቀው፣ ቀለጠብኝ እኮ እያልኩ እስቅ ነበር። ለእናቴ ነበር የምትሰግደው? ከማህፀኗ የወጣሁት እኔ ውጪ አይስክሬም ስልስ፣ አንተ ውስጥ ሆነህ ለእናቴ ዱዓ ታደርግላታለህ?»

ጀልባ ላይ የምትስቅበት ፎቶ ላይ ደረሰች።

«ሐሙስ፣ እናቴ ጋ ደውልልኝ፣ ባሕሩን በቪዲዮ ላሳያት አልኩህ። የደሴ መስመር ተበላሽቷል አልከኝ። አድናንን በጽሑፍ ብጠይቀው እሱም ተበላሽቷል አለኝ። ከዚያ አንተ ካሜራህን አወጣህና፣ ሳቂ፣ ጥርስሽ ይታይ አልከኝ። ሳቅኩልህ።»

«ልጄ» አሉ ሐጂ ዘከሪያ ለማብረድ፣ «ሐዘን ለባል ካልሆነ በቀር ከሦስት ቀን በላይ አልተፈቀደም። እሱም አልፏል። አሁን ለእናትሽ የሚጠቅማት ዱዓ ነው፣ ቁጣ አይጠቅማትም።»

«አልፏልማ ሐጂ። ሦስቱን ቀን የት እንዳሳለፍኩት አሁን በቴሌቪዥን አሳየሁዎት አይደል?»

ሐጂ ወደ ሙስበሃቸው አጎነበሱ። ያኔ ነው አብዱልሀሚድ ከበሩ ሳይነቃነቅ፣ ድምፁን ሳያነሣ የተናገረው።

«አባቴን ሁለት ወር ደብቀሽኛል» አለ። «የዜግነት ቃለ መጠይቁን ይለፍ አልሽ። እሱ ሲያልፍ ረመዳን ገባ፣ በጾም አይነገረውም አልሽ። ከዚያ ዒድ መጣ፣ በዒድ ሰው አይለቀስበትም አልሽ። ሁለት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ ስጸልይ አሚን ብለሽኛል። አንድ ቀን ጠይቄሻለሁ?»

እውነት ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ፣ ሉባባ የተሰፈረችው በራሷ ቁና ነው። የአብዱልሀሚድ አባት ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር። በዚህ ከተማ የሐበሻ መርዶ ሲደበቅ ሉባባ የሌለችበት የለም። ማን ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ከሺፍት በፊት ይሁን በኋላ፣ ማን ስልኩን ይያዝ፣ ይህን ሁሉ የምታደራጀው እሷ ነበረች። የደመቀችን ወንድም ሞት አሥራ አንድ ቀን የያዘችው እሷ ናት። ሰዎቹ ሲረዱ አቅፋቸው ታለቅስ ነበር፣ የእውነትም ታለቅስ ነበር፤ እነዚያ የተሰረቁ ቀናት የማን እንደሆኑ ግን አንድ ቀን አስባው አታውቅም። ባሏ እውነቱን በመናገሩ ይበልጥ ተናደደች። ትክክል የሆነ ሰው ላይ መናደድ ያንገበግባል።

ምን ልትመልስለት እንደነበር አይታወቅም፣ ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ደመቀች በመስኮት አየች።

«ሳፊያ መጣች» አለች።

የቤቱ ሰው ሁሉ ሐዘኑን በአንዴ ዋጠው። ሳፊያ ብቸኛ ልጃቸው ናት፣ የነርስነት ፈቃድ ፈተናዋ ማክሰኞ ነው። ላስ ቬጋስ ተወልዳ ላስ ቬጋስ ያደገች፣ አማርኛዋ የሚሰባበር፣ ግን ዓርብ ዓርብ ከአያቷ ጋር በቪዲዮ እየተሰባበረችም ቢሆን የምታወራ ልጅ ናት። ባለፈው ዓርብ እሷም የደሴ መስመር ተበላሽቷል ተብላለች። ሁለቱ ሴቶች እንባቸውን ጠረጉ። አንዷ የሻይ ብርጭቆ አነሣች። ማንም ሳያዛት ሌላዋ ከጠረጴዛው ላይ የለውዝ ሳህኑን አስተካከለች።

«ሉቢዬ» አለች ደመቀች በሹክሹክታ፣ «እስከ ማክሰኞ ብቻ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ለፍታበታለች። ፎቶ ልናይ ነው የመጣነው እንበላት።»

«ሁለት ቀን ናት» አሉ ሐጂም። «ምንም አይደል።»

አብዱልሀሚድ እንኳ ራሱን ነቀነቀ። ሉባባ አየቻቸው። ሁሉም ፊት ላይ ያለው ፍቅር ነው፣ አንድም ክፉ ሰው እዚያ ቤት የለም፣ እሱ ነው ያቃጠላት። ሰኞ ዕለት ተራራው ላይ ኩሽና ውስጥ የተደረገው ይኸው ነው፣ አሁን ደግሞ በሷ ፊት፣ በሷ ቤት፣ በሷ ልጅ ላይ ሊደረግ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አፏ ውስጥ ውሸቱ ተዘጋጅቶ መቀመጡ ነው። «ነይ ፎቶ እዪ ልጄ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

ሳፊያ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች ገባች። «ሰላም! ኦ፣ ሰው በጣም ብዙ ነው። ማሚ፣ ፓርቲ አለ? እኔ ላይብረሪ ነበርኩ፣ ማንም አልደወለልኝም።»

«ሳፊያ» አለች ሉባባ። «እማማ ሞታለች።»

«ሉባባ!» አለ አብዱልሀሚድ።

ሳፊያ ጫማዋን ልታወልቅ እንደጎነበሰች ቀረች። «የኔ እማማ? የደሴ?»

«የደሴዋ።»

«መቼ ነው?»

ይህችኛዋም መቼ አለች፤ የእናቷ ልጅ ናት። ሐጂ ዘከሪያ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሉባባ ግን ቀደመቻቸው። «ሰኞ» አለች። «ያለፈው ሰኞ ጠዋት።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀምራ ነበር፣ መሃል ላይ ቆመች። ቴሌቪዥኑን አየች፤ እናቷ አሁንም ጀልባው ላይ እየሳቀች ነው። «ግን ይሄን ሐሙስ ላክሽልኝ» አለች። «እኔ የልብ ኢሞጂ አደረግኩበት። ማሚ ሁልጊዜ እንዲህ ሳቂ ብዬ ጻፍኩልሽ።»

«አላወቅኩም ነበር ልጄ። አሁን ነው የነገሩኝ።»

ሳፊያ ሰዉን አንድ በአንድ አየች። ሐጂን፣ ደመቀችን፣ ብርጭቆ የያዘችዋን። አማርኛዋ ቢሰባበርም የገባት ገብቷታል። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ዳዲ» አለች፣ «ይሄን ፎቶ አንተ ነህ ያነሣኸው። ማሚ ስትስቅ። አንተ ታውቅ ነበር?»

ለሉባባ ቀብሩን፣ ፈቃዱን፣ ላንቺ ብዬን፣ የአባቱን ሞት መልሶላታል። ለልጁ የሚመልሰው ከዚያ ሁሉ አንዱም አልመጣለትም።

«አዎ» አለ፣ ፊቱንም በመዳፉ ሸፈነ።

ሉባባ ስልኳን አስቀመጠች። ልጇን እጇን ይዛ ወደ ሳሎኑ መሃል ወሰደቻት፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፣ ከተረዳች በኋላ መጀመሪያ ያለቀሰችው ያኔ ነው። የሁለቱ ለቅሶ ለጎረቤት እስኪሰማ ከፍ አለ።

«ፈተናው ግን…» አለች ደመቀች ቀስ ብላ።

«ፈተና ሌላ ቀን ይሰጣል» አለች ሉባባ። ወደ ሐጂ ዞረች። «ሐጂ፣ የኔን ሦስት ቀን በልተውብኛል። የእሷን አይበሉትም። ዛሬ አንድ ብለን እንቆጥራለን። የመጣችሁ ከኛ ጋር ልትቀመጡ ከሆነ ተቀመጡ፣ ልታስረሱን ከሆነ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ሂዱ።»

የሄደ የለም። ብርጭቆ የያዘችዋ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አብዱልሀሚድ ግን በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው፣ የሚገባበትን ያጣ ይመስል።

«አንተም ና ተቀመጥ» አለችው፣ ሳታየው። «ይቅር ብዬህ አይደለም፤ ገና አላልኩህም። የአባትህን ሦስት ቀን የበላሁት እኔ ነኝ። አብሮ ይለቀስ።»

አብዱልሀሚድ ቴሌቪዥኑን አጠፋና መጥቶ ከሳፊያ በወዲያ በኩል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።