ሳይጫወቱ ማለፍ

ባምላክና ይሄነው ዓይንና ናጫ ነበሩ። ቆሰበር ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት ከመኪና የወረደ እንግዳ ነው። ጠባቸው የተጀመረው በ2004 ዓ.ም.፣ ጥር ሃያ ሦስት በጊዮርጊስ በዓል፣ የአገሩ ፈረሰኞች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሽምጥ ሲጋልቡ ነው። የባምላክ ዳማ ፈረስ የይሄነውን ቡላ ፈረስ አቧራ አልብሶት አለፈ። ይሄነው የእህል ነጋዴ ነው፤ ሀብት አለው፣ አፍ አለው፣ በሰው ፊት መሸነፍ ግን አልለመደበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማውን ወይ ሊገዛው ወይ ሊቀድመው ምሎ ተነሳ። ሊገዛ ሲመጣ ባምላክ፣ "ዓይንህን አውጥተህ ሽጥልኝ ብትለኝ ይቀለኛል" ብሎ አሳፍሮ መለሰው።

በዓመቱ ጥር ላይ ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደረሰች። ውድድሩ ደቡብ አፍሪካ ነበር። የቆሰበር ሰው ጨዋታውን የሚያየው ውቢት ኳስ ቤት ነው። ውቢት ዲሽ የተከለች፣ አግዳሚ የደረደረች፣ የሚረብሽ ሰው ካለ ጆሮውን ይዛ ደጅ የምታወጣ ሴት ናት። የቡርኪና ፋሶ ጨዋታ ዕለት ቤቷ ጢም ብሎ ሞላ። ምን ዋጋ አለው! በረኛቸው በቀይ ከወጣ በኋላ እንኳ፣ ጎደሎ ሆነው ሦስት ጨመሩብን። አራት ለዜሮ። ሰው ሁሉ እንደ ለቀስተኛ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

ይሄነው ግን ሳቀ። "ምን ይገርማችኋል? አራት ለዜሮ የቆየ ልማዳችን ነው" አለ። "በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ ግብፅ እንዲሁ አራት ለዜሮ ደፍታናለች። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው። በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ ወጣን እያልን የምንኮራው እኮ አንዲት ጎል ሳናገባ ነው። ፍጻሜ የደረስነውም ሳንጫወት ነው!"

ባምላክ ብድግ አለ። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወታደር ነበር፤ ባምላክ ያደገው ያን ዋንጫ በአባቱ አፍ እየሰማ ነው። "ውሸታም! ሱዳንን ሁለት ለአንድ ረትተን ነው ያለፍነው። አባቴ ጦር ሰፈር ሆኖ በጆሮው ሰምቶ ነግሮኛል።"

"እንግዲያው አባትህ ዋሽቶሃል" አለ ይሄነው፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

የባምላክ ደም ፈላ። ሌላ ሰው ቢሆን በቡጢ ይል ነበር፤ እሱ የባሰውን አደረገ። ጋቢውን አጣፋና ጣቱን ቀስሮ፣ "ፈረስ እሰጥ! ዳማዬን እሰጥ!" አለ።

እሰጥ አገባ እዚህ አገር የቀልድ ቃል አይደለም። አያቶቻችን ዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ፣ በነገሩ የተማመነ ሰው በቅሎውን ወይ ፈረሱን አስይዞ "እሰጥ" ይል ነበር፤ ባላጋራው "አገባ" ካለ በቃ፣ መመለሻ የለውም። ይሄነውስ ምን ይጠብቃል? ዓመቱን ሙሉ የተሳለው ለዚህ አይደል! "ቡላዬን አገባ!" አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

"ዳኛስ?" አለ አንዱ።

"ውቢት ትሁና" አለ ይሄነው። ባምላክም ራሱን ነቀነቀ።

"ሁለታችሁም ዕብዶች ናችሁ" አለች ውቢት። "ግን እሺ። ምስክር አምጡ።" አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊፈልግ ሞከረ፤ ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ባምላክ፣ "ስልክ ነው እንዴ የሚመሰክረው? ሰው ይምጣ!" ብሎ ጮኸ፤ የአባቱን የጦር ሰፈር ጓደኛ፣ የጥሊሊውን ሃምሳ አለቃ ገበየሁን ጠራ። ይሄነውም ተስማማ።

በማግስቱ ባምላክ ጥሊሊ ሄዶ ሽማግሌውን በሚኒባስ ይዟቸው ተመለሰ። ከጎናቸው ተቀምጦ፣ "ሃምሳ አለቃ፣ ሱዳንን ረትተን አይደል ያለፍነው?" አላቸው። ሽማግሌው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ "ደርሰን እናወራዋለን" አሉ። ባምላክ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ። "አባቴን በሰው ፊት እንዳያዋርዱብኝ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምስክር ነው የጠራኸኝ ወይስ አልቃሽ?" አሉት።

ውቢት ቤት ሰው ከጨዋታው ዕለት የባሰ ሞልቶ ጠበቃቸው። ዳማውና ቡላው ደጅ ታስረዋል። ሽማግሌው ቆመው ተናገሩ። "አልተጫወትንም። ዕጣው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር ያገጣጠመን። እነሱ ነጭና ጥቁር ቀላቅለን አንልክም ብለው ተባረሩ፤ እኛ ሳንጫወት አለፍን። ሱዳንን ሁለት ለአንድ የረታችው ግብፅ ናት። በፍጻሜውም እኛን አራት ለዜሮ።"

"አባቴስ ታዲያ?" አለ ባምላክ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

"አባትህ ያውቃል፤ አብረን ነው የሰማነው። ሱዳንን ረታን ማለት የጀመረው አገሩ ከገባ፣ አንተን ከወለደ በኋላ ነው። ለምን ትዋሻለህ ብዬ ብጠይቀው፣ 'ሳይጫወቱ ማለፍን ምን ብዬ ለልጅ ላውራ?' አለኝ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባምላክ አፈረ። ከማፈሩም በላይ ተናደደ፤ በይሄነው ሳይሆን መቃብር በገባው አባቱ ተናደደ። ያን ሁሉ ዓመት እንደ ዳዊት የደገመው ነገር የግብፅ ድል ኖሯል! ይሄነው ምኑን ይጠብቃል፣ ሮጦ ወጥቶ የዳማውን ልጓም ጨበጠ።

"እጅህን ሰብስብ!" አሉት ሃምሳ አለቃ ከደጃፉ ላይ። "የእሰጥ አገባ ገቢ ለዳኛ ነው። ተረቺ ለባላጋራው ሲከፍል የት አይተሃል? ብታውቅ ኖሮ አትወራረድም ነበር!"

ይሄነው አመድ መሰለ። ሽማግሌ የሆነ ሁሉ፣ "እውነት ነው፣ ደንቡ እሱ ነው" አለ። ውቢት ልጓሙን ከእጁ ፈልቅቃ ወሰደችና፣ "ከነኮርቻው ነው" አለች። ባምላክ ፈረሱ ወደ ሰው ግቢ ሲገባ ቆሞ አየ። እንባው መጣ፤ ለይሄነው እንዳይታየው ፊቱን አዞረ።

የጊዮርጊስ በዓል ዋዜማ ይሄነው ራሱ ባምላክ ደጅ መጣ። የፈረሰኞቹ አለቆች ዳማውንና ቡላውን የግልቢያው መዝጊያ አድርገው አስቀድመው አጣምረዋቸው ነበር።

"ውቢትን ለምኛታለሁ። ለነገ ዳማውን ትሰጥሃለች" አለ ይሄነው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

"አንተ? ለእኔ ለመንህ?"

"ለአንተ ማን ለመነ! ዳማውን መቅደም አለብኝ። ዓመቱን ሙሉ ቡላውን ገብስ ያበላሁት ለዚህ ነው።"

የባምላክ ልብ ዘለለ። ኮርቻው ላይ መቀመጥ፣ ያን ንፋስ በፊቱ መስማት፣ ምን ነበረበት? ግን የይሄነውን ፊት አየና ልቡን መለሰ። "በተረታሁበት ፈረስ አልቀመጥም።"

"ታዲያ ብቻዬን ልጋልብ? ሰው ምን ይለኛል?"

"እለፋ!" አለ ባምላክ። "ሳትጫወት እለፍ።" በሩን ፊቱ ላይ ዘጋበት።

ጥር ሃያ ሦስት ይሄነው ብቻውን ጋለበ። ቡላው እንደዚያ ቀን ሮጦ አያውቅም። ግን ከሕዝቡ መሀል አንዱ ቀልደኛ፣ "ደቡብ አፍሪካ ተባረረች!" ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው በሙሉ ተቀበለው። ይሄነው አንደኛ ተብሎ ሲሸለም እንኳ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ባምላክ በእግሩ ቆሞ እስኪጠግብ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ዳማውን ይፈልግ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባምላክ ዳንግላ ገበያ ወረደ። እህል ተራ ሲደርስ የይሄነውን ድምፅ ሰማ። ይሄነው የዳንግላ ነጋዴዎችን ሰብስቦ፣ ትንሿ ልጁ ናርዶስ እጁን ይዛ ቆማ፣ ያወራል። "በጥር የባምላክን ዳማ በአንገት ቀደምሁት! በአንገት!"

ባምላክ ተጠጋ። ይሄነው ሲያየው አፉ ተከፍቶ ቀረ። ነጋዴዎቹ አንዴ እሱን፣ አንዴ ይሄነውን አዩ። ልጅቱ ባምላክን አወቀችው፤ "ጋሼ ባምላክ፣ እውነት አባቴ ቀደመህ?" አለችው።

ያቺን አስተያየት ያውቃታል። እሱም በልጅነቱ የአባቱን አፍ የሚያየው እንዲያ ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣው ይሄነው ዳንግላ ላይ እስከ ወዲያኛው ይዋረዳል።

"አዎ፣ ልጄ" አለ። "በአንገት ቀደመኝ።"

ናርዶስ በኩራት ሳቀች። ይሄነው ጎንበስ ብሎ የታሰረ ጆንያ ፈትቶ እንደገና ያስር ጀመር። ባምላክ ይህን በደግነት ያደረገው እንዳይመስላችሁ። የአባት ዕዳ ለልጅ ነው። ያቺ ልጅ አድጋ አንድ ቀን በሰው ፊት ጣቷን ቀስራ፣ "አባቴ ነግሮኛል!" ትላለች። ባምላክ ያን ቀን ይጠብቃል፤ እሱ እንደሚጠብቅ ይሄነውም ያውቃል።