ከኋላ ወንበር ሥር

የልብስ ሰፊው ትልቁ በሽታ ይሉኝታ ነው። ሚስቱ ግን የታመመችው ኩላሊቷን ነው። ለእጥበት ሆስፒታል ስትመላለስ ሚኒባስ ላይ መጋፋት አቃታት፤ ከእጥበቱ ስትወጣማ ጉልበቷ ይከዳታል። አንድ ቀን መንገድ ዳር ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ባለችበት አንድ አላፊ አግዳሚ ሳንቲም ጣለላት። ባልየው መኪና ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ያለው ያን ዕለት ነው።

መኪናው ከሩቅ አልመጣም። ወንድሟ ሌላ ከተማ ሠርቶ ሲመለስ ይዞት የመጣ አሮጌ ነጭ መኪና ነበረው፤ "ከእህቴ የሚበልጥብኝ የለም" ብሎ በግማሽ ዋጋ ለቀቀላቸው። ደግሞ ዝም ብሎ ወንድም እንዳይመስላችሁ። ሐኪሞቹ ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ፈልጉ ባሉ ጊዜ፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ብድግ ብሎ "እኔ እያለሁ ማንም አይጨነቅ" ያለ ሰው ነው። የአክስቷ ልጅ "እኔም ልመርመር" ቢል፣ "ወንድሟ ቁጭ ብሎ አንተን ምን አገባህ?" ተባለና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያን ቃል የተናገረው ልብስ ሰፊው ራሱ ነው።

መኪናውን ሲረከቡ ጎረቤታቸው መካኒኩ ክሪኩን ይዞ መጥቶ ነበር።

"ከሥሩ ገብቼ ልየው" አለ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ መኪናም እንደ ሰው ነው።"

ልብስ ሰፊው ወደ ወንድምየው አየ። ወንድምየው መሬት መሬት ያያል። ልብስ ሰፊው መካኒኩን እጁን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው።

"ተወው ባክህ። ኩላሊቱን ሊሰጠን የተነሳ ሰው በመኪና ያታልለናል? በፊቱ ሥሩን ላስፈትሽ? ምን ይለኛል?"

"አንተን ይሉኝታህ አንድ ቀን ይገድልሃል" አለ መካኒኩ፤ ክሪኩን አንጠልጥሎ ሄደ።

የድሮው ኢንሹራንስ እስኪያልቅ በዚያው ሲያመላልሳት ከረመ። የወንድምየው ምርመራም ዛሬ ነገ ሲባል ከረመ፤ አንዴ ጉንፋን ይይዘዋል፣ አንዴ አለቃው አይፈቅድለትም። ደፍሮ የሚጠይቀው ጠፋ። አካሉን ልስጥ ያለን ሰው ማን ይነዘንዛል?

ኢንሹራንሱ ሲያልቅ ልብስ ሰፊው ሚስቱን ሆስፒታል አድርሶ፣ እጥበቱ እስኪያበቃ አዲስ ሊገባ ሄደ። የፈለገው ሙሉውን ነው። በሌላ ቢቆጥብ በእሷ አይቆጥብም። የኢንሹራንሱ መኪና መርማሪ ቱታዋን ለብሳ ከመኪናው ሥር ገባች። የባትሪዋ ብርሃን በጎማዎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። ስትወጣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

"አባባ፣ ይሄ መኪና ክፉኛ ተገጭቶ ነበር። ሻንሲው፣ ዋናው አጥንቱ፣ ተሰብሮ በብየዳ ነው የተቀጠለው። እዚህ ጋ፣ ከኋላ ወንበር ሥር።"

"እኔ አላውቅም። ካወቅሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

"አምንዎታለሁ። ግን ሙሉውን ልንሰጥዎት አንችልም። ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ለሚገጩት ሰው እኛ አለን። ለመኪናውና ውስጥ ለተቀመጠው ግን የለንበትም።"

ከኋላ ወንበር ላይ የምትተኛው ማን እንደሆነች አልነገራትም።

ከዚያ በቀጥታ ወንድምየው ወደሚሠራበት መጋዘን ነዳ። መንገዱን ሙሉ በሆዱ ስድብ ሲያዘጋጅ ነበር። ሲደርስ ግን ሰውየው ከጆንያዎቹ መካከል "ጋሼ፣ ምነው? ደኅና ነች?" እያለ እየሮጠ መጣና ስድቡን አስረሳው።

"ደኅና ነች። መኪናው መገጨቱን ለምን አልነገርከኝም?"

ወንድምየው ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

"እዚያ ከተማ እያለሁ ነው። እሷ ታማለች፣ ትደነግጣለች ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።"

"አንተስ? ተጎድተህ ነበር?"

ወንድምየው ቀስ ብሎ ሸሚዙን ከሱሪው መዘዘና ወደ ላይ ገለጠው። ከጎድኑ ሥር ተነስቶ ወደ ጀርባው የሚዞር ረጅም ጠባሳ ነው። ልብስ ሰፊው ዕድሜውን ሙሉ ስፌት ሲያይ ኖሯል፤ ይህን ግን ማየት አልቻለም።

"አንዱን ያኔ አወጡት ጋሼ። የቀረኝ አንድ ነው።"

"ታዲያ ለምን እኔ አለሁ አልክ?"

"ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ወንድሟ ነኝ፤ ምን ልበል? ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ቀኑ ሄደ። መኪናውን እንኳ በርካሽ ልልቀቅላት ብዬ ነው። ደኅና አድርገን በይደነዋል ብለውኝ ነበር።"

ልብስ ሰፊው ሊመታው እጁን አነሳ፤ እጁ ግን ትከሻው ላይ አረፈ። የሚመታ ሰው ከተፈለገ ራሱም አለ። ያን ቀን ክሪኩ ገብቶ ቢሆን ይህ ሁሉ ያኔ ይወጣ ነበር፤ ያኔ ሐኪሞቹ "ገና ጊዜ አላት" ይሉ ነበር። አሁን እንደዚያ ማለቱን ትተውታል። የአክስቷም ልጅ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። መካኒኩ ተሳስቷል፤ ይሉኝታ የሚገድለው ባለቤቱን አይደለም።

ሆስፒታል ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ትጠብቀው ነበር። ደግፎ ከኋላ አስገባት፤ እንደ ልማዷ ጎኗን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገች።

"ኢንሹራንሱ ሆነልህ?"

"ሆነ።"

"ሙሉው?"

ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ። በመስታወቱ አያት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ይህ ቤተሰብ ሲኖር የቆየው አዎ እያለ ነው።

"ውጪ ላለው ሰው ነው የሰጡን" አለ። "ውስጥ ላለው የለም።"

ዓይኗን ገለጠች። "ለምን?"

ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና አጠገቧ ገብቶ ተቀመጠ። መርፌ ያልገባበትን እጇን ያዘ።

"ከወንድምሽ ልጀምርልሽ" አላት።