አባባ አገገመ

“እያገገመ ነው አላልሽኝም እንዴ?” አለች ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ወዳጇ ጌጤነሽ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ገና ከመቀመጧ። “በስልክ እልል ስትዪ አልነበር?”

“ቀስ በይ እባክሽ!” አልታየሽ ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት። ዐይኗ ወደ ኩሽና ሮጠ። የልጅ ልጇ ሄራን ለሠልስቱ ለቀስተኛ ብርጭቆ ታለቀልቃለች። የቧንቧው ድምፅ አልቆመም። አልሰማችም፤ ተመስገን። እህልም አልቀመሰች ይቺ ልጅ፤ ልብሷም ስስ ነው።

ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ያለችው ፍላት ቤት በሰው ተጨናንቃለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን አልታየሽ ባሏ ተክለአብ የገባ እየመሰላት ቀና ትላለች።

ተክለአብ ሰው እንዳይደነግጥበት ሲል የሚኖር ሰው ነበር። ልቡን ከታመመ ወዲህ አምቡላንስ በመጣ ቁጥር፣ ደረጃው ላይ ለቆመችው ሄራን እጁን እያውለበለበ፣ “አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ላገግም ነው!” ይላታል። ማገገም ከሕመም ቀስ እያሉ መነሣት መሆኑን ማን ይንገራት? እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ፤ ቃሉን ያገኘችው ከአምቡላንስ በር ላይ ነው።

ያረፈ ቀን ሄራን ከሆስፒታል ደወለች። “እማማ፣ አባባ አገገመ! በጣም አገገመ! ነይ!” ታለቅሳለች። አልታየሽ የደስታ ለቅሶ መሰላት። ስልኩን ዘግታ ለጌጤነሽ ደውላ እልል አለች። ለሚያገግም ሰው ባዶ እጅ አይኬድም ብላም አጥሚት ጣደች። በአውቶቡስ ይዛው ስትደርስ ፊቱን ሸፍነውታል። “አገገመ ብዬሽ!” እያለች ልጅቷ ደረቷ ላይ ስትወድቅ ነው የገባት፤ ለልጅቷ ማገገም ማለት ሕመም መባስ ኖሯል።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሄራን መጥታ አልታየሽ ፊት ቆመች።

“እማማ፣ ሶሪ ግን… ለምንድነው ቶሎ ያልመጣሽው? ስምሽን ሲጠራ ነበር። አገገመ ብዬሽ ነበር እኮ።”

“አንቺ ልጅ፣ አገገመ ማለት እኮ—” ብላ ጀመረች ጌጤነሽ።

“ጌጤ!” አለች አልታየሽ ፈጥና።

ጌጤነሽ አንዴ አልታየሽን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

“ጆሮዬ ነው ልጄ” አለች አልታየሽ። “አርጅቷል። ያልሽኝን አልሰማሁም፤ ደኅና ነው ያልሽኝ መስሎኝ ተዘናጋሁ።”

ሄራን አተኩራ አየቻት። ትከሻዋ ቀስ በቀስ ወረደ።

“ለምን አልነገርሽኝም? ጂፒ ዶክተር ጋ ቡክ አደርግልሻለሁ፤ ጆሮሽን ቼክ ያድርጉሽ።”

“እሺ የኔ ልጅ።”

ልጅቷ አጠገቧ ተሸጉጣ ተቀመጠች። አፏን ከአያቷ ጆሮ አስጠግታ፣ “በጣም ናፈቀኝ!” አለች፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ።

አልታየሽ እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ጠጋ አለች።

“ምን አልሽኝ?”